ሦስተኛው ረድፍ፣ የቀኝ ጥግ

ካትባሎጋን፣ ጁን 14 ቀን 1993

ውድ ፍሬዳ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፖስተኛው እንደ ልማዱ ለጎረቤቴ ሰጥቶ፣ እሷም እንደ ልማዷ ፖስታውን ወደ ፀሐይ አንስታ ውስጡን ለማየት ስትታገል ቆይታ ነው ያመጣችልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያጉረመርማል፤ መምህር ላይ የሚያጉረመርም መቼም አይጠፋም።

አዎ ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ከየት ነሽ ሲሉሽ ንገሪያቸው። ከሳማር ደሴት ነኝ በይ። ቅላጼሽን ሰምተው ሳቁ ብለሽ ጽፈሻል፤ ይሳቁ። አራት ዓመት ሙሉ ወደቡ ላይ ያቆምኩሽ፣ የጀልባው ሞተር እየጮኸ ወዲያ ማዶ ያሉት ዓሣ ሻጮች እስኪሰሙሽ ያስጮህኩሽ፣ ማኒላ ደርሰሽ አፍሽን በእጅሽ እንድትሸፍኚ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ። የተዋናይ መምረጫው ኦዲሽን ከመግባትሽ በፊት እህል አትቅመሺ ያልኩሽን ግን እርሺው፤ ባዶ ሆድ ለማልቀስ ያግዛል እንጂ ቃል አያስታውስም።

እናትሽን ገበያ ውስጥ አገኘኋት። "አንድ ዓመት ሰጥቻታለሁ ማም። በዓመቱ ሥራ ካላገኘች ሆንግ ኮንግ አክስቷ ጋ ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ወረቀቱ ተጀምሯል" አለችኝ። ተከራከሯት ወይ ካልሽኝ፣ አልተከራከርኳትም። እናት ናት። እኔ ማን ነኝ?

አዲሶቹ ተማሪዎች ገብተዋል። ሮዌና የምትባል አለች፤ ድምፅዋ ልብ ይሰርቃል፣ እጇን ግን የት እንደምታስቀምጠው ገና አላወቀችም። ብቻዬን እራት የምበላ እንደሆነ ደግሞ አትጠይቂኝ። ከልምምድ በኋላ ድስቴን ጠራርጋችሁ የምትሄዱበት ጊዜ አለፈ። አሁን የማታው ሩዝ ይተርፋል፤ ጠዋት በነጭ ሽንኩርት እጠብሰዋለሁ።

የደረቀ ዓሣ ልኬልሻለሁ። አከራይሽ ሽታው ካስቀየማት አካፍያት፤ ዝም ትላለች።

ማም ፊሊሳ

*

ማኒላ፣ ጁላይ 20 ቀን 1993

ውድ ማም፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓሣው ደርሶኛል። አከራዬ አሊንግ ቻሪንግ ግማሹን ወስዳ ይኸው "ልጄ" ትለኝ ጀምራለች።

ይኸኛውም ኦዲሽን አልሆነልኝም። "ምን አሉሽ? ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ" ስለሚሉኝ እንደወረደ እጽፋለሁ። አዘጋጁን ሁሉም ሰው ዲሬክ ነው የሚለው። መሃል ላይ አስቆመኝ።

"ነይ እስቲ። ማንን ነው የምታዪው?"

"ማንንም አላይ ዲሬክ።"

"አትዋሺ። እዚያ ጋ ሰው አለ?" ዞሮ ወንበሮቹን አየ። "ባዶ ነው! ፍቅረኛሽን ከወንበር ሥር ደብቀሽ ነው እንዴ?"

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? እንደገና አስጀመረኝ፣ እንደገና አስቆመኝ። በዚህኛው ጊዜ አልቀለደም። "ድምፅሽ ጥሩ ነው። አቋቋምሽም ጥሩ ነው። ግን እያንዳንዱን ቃል ከመናገርሽ በፊት ከሆነ ሰው ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። ያንን ሰው ቤቱ አድርሰሽው ተመለሽ" አለኝ።

ማም፣ ምን ማለቱ ነው? በፊት የተፈተንኩባቸው ቦታዎችም "ዓይንሽ" ብለውኝ ነበር፤ የዓይን ሕመም ያለብኝ መስሎኝ ሐኪም ቤት ልሄድ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት ፓንዴሳል የሚሉትን ትንንሽ ዳቦ እሸጣለሁ። ገዢው በተራ ይመጣል፣ የቴአትር ቃሌን በሆዴ እያልኩ አስተናግዳለሁ። ከተማው በሰው ተሞልቶ የማናግረው ሰው የለኝም። ስለሱ ሌላ ጊዜ።

የእርስዎ ፍሬዳ

*

ካትባሎጋን፣ ኦገስት 3 ቀን 1993

ኢንዳይ፣

የማኒላ አዘጋጅ ተማሪ ማዋረድን እንደ ሙያ ይቆጥረዋል፤ እኔ ገና በሃያ ዓመቴ ነው ያየሁት። አትደንግጪ። ዓይንሽ የሚያርፍበት አጥቶ ከሆነ መውጫው በር ላይ ያለችውን ቀይ መብራት እዪ። ቀይ መብራት የሌለው ቴአትር ቤት የለም።

እኔ ጋ እያለሽ ዓይንሽ የት ይሄድ ነበር ካልሽ፣ እንከን አላየሁበትም። ሦስተኛው ረድፍ፣ የቀኝ ጥግ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሳይሽ ዓይንሽ ሁልጊዜ ቀጥ ያለና ብሩህ ነበር። የለወጠሽ ማኒላ ነው።

ዴልፊንን ፈልጊው። ከአንቺ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተመረቀውን፣ ንጉሥ ሆኖ ሲሠራ ሴቱን ሁሉ ያስለቀሰውን። ከሄደ ወዲህ አልጻፈልኝም። አንዳቸውም አይጽፉም፤ ያው ሥራ ይዟቸው ነው ብዬ ሆድ ይፍጀው እላለሁ። ካገኘሽው ደህና ነች በይው። ካልጠየቀሽ ግን አትንገሪው።

ማም ፊሊሳ

*

ማኒላ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1993

ውድ ማም፣

ዴልፊንን አገኘሁት፤ ጫማ ቤት ተቀጥሯል። ስገባ ተንበርክኮ የአንዲት ሴትዮ እግር ይለካ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ መጀመሪያ ያለው "ማም ፊሊሳ ደህና ናቸው?" ነው። ጠይቋል እንግዲህ፣ ነገርኩት።

ከዚህ በታች ያለውን ለመጻፍ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። እውነቱን ጻፊልኝ ስለሚሉ እጽፋለሁ፤ ከአሁኑ ግን ይቅርታ እለምናለሁ።

ምሳ ስንበላ ዲሬክ ያለኝን ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ወደ ቀኝ ነው አይደል? ሦስተኛው ረድፍ?"

"አንተ እንዴት አወቅክ?"

"እኔንስ በምን የጣሉኝ ይመስልሻል? አብራኝ የተመረቀችውን ኤስቴላንስ? አንቺ፣ የማም ፊሊሳ ተማሪ እኮ በጨለማም ይለያል፤ አንገቱ ወደ ቀኝ የዞረውን ፈልጊ!"

ሳቅን። የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመና ሁለታችንም ሳህናችንን ማየት ጀመርን።

ማም፣ የምናየው ከንፈርዎን ነው። እኛ መድረክ ላይ ስንናገር እርስዎ እዚያ ወንበር ላይ ሆነው ቃላችንን ሁሉ ያለ ድምፅ ከእኛ እኩል ይሉታል፤ አንዳንዴም ትንሽ ቀድመው። ቃል ሲጠፋን ከዚያ እናነሳዋለን። ሳይጠፋንም እናያለን። ከንፈርዎ ፈገግ ካለ ሠምሮልናል፣ ከተገጠመ ተበላሽቷል። አራት ዓመት ሙሉ የተጫወትነው ለዚያ ከንፈር ነው። እዚህ ስመጣ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ዓይኔ ግን ይሄዳል።

ዴልፊን "እኔ ልተወው አልቻልኩም፣ ጫማ ሻጭ ሆንኩ። አንቺ ቻዪ" አለኝ። እንዴት ነው የሚቻለው ማም? ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ፍሬዳ

*

ካትባሎጋን፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1993

ፍሬዳ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እዚህ ዝናብ ነው።

ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ከንፈሬን የሚመለከት ትችት ሲደርሰኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለዴልፊን ምሳው መልካም ይሁንለት።

ፊሊሳ ማግባኑዋ

*

ማኒላ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1993

ውድ ማም፣

ይህ ከአጭሩ ደብዳቤዎ ወዲህ የምጽፍልዎት ሁለተኛው ነው፤ ለመጀመሪያው መልስ አልመጣልኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የብዕርም አይታሽም መሰለኝ። ሬዲዮው አውሎ ነፋሱ ሳማርን መታ ሲል ዳቦ ቤቱን ጥዬ ስልክ ወዳለበት ሮጥኩ። መስመሩ ተቆርጧል። እባክዎ፣ ይቆጡኝና ይጻፉልኝ። "አለሁ" ብቻ ይበሉኝ።

ሁለት ቦታ ተፈትኜ ሁለቱም "ዓይንሽ" አሉኝ። ቀዩን መብራት አየሁ፤ መብራቱ ከንፈር የለውም።

እናቴ ፎቶግራፍ ላኪ ብላኛለች፤ ለሆንግ ኮንጉ ወረቀት ነው። አልላክሁም።

ፍሬዳ

*

ካትባሎጋን፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1993

ውድ ኢንዳይ ፍሬዳ፣

አለሁ። ነፋሱ የአዳራሹን ጣሪያ ጥግ ይዞ ሄደ እንጂ እኔን አልነካኝም። ያልጻፍኩት ግን በነፋሱ አይደለም። ተቀይሜሽ ነው። ዞሬ ዞሬ የተቀየምኩት እውነት በመሆኑ ነው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ልምምድ ላይ ሮዌናን ከመድረክ ጠራሁና "ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንዴ?" አልኳት። ጓደኞቿን አየች። "ማም፣ አያውቁም ነበር? እኛ እኮ ሆን ብለው የሚረዱን መስሎን ነው!" አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለካ አፍም ባዳ ነው።

ከማን ተማሩት ካልሽኝ፣ ከአባቴ ይመስለኛል። በየፊየስታው በዓል ሜዳ ላይ በሚደረገው ቴአትር ነገሥታቱና ልዕልቶቹ ሁሉ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ማንበብ አይችሉም። አባቴ ከመድረኩ ሥር ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ስንኙን እያንዳንዱን ቀድሞ ይላል፣ ንጉሡ ይቀበልና ይጮኻል። በዓሉ ሲያልፍ አገሩ ንጉሡን ያመሰግናል፣ አባቴ ድምፁ ተዘግቶ ሾርባውን ይጠጣል። እኔ ቴአትር ማለት ለሚወዱት ሰው ቃል ማቀበል ነው ብዬ አደግሁ። ፍቅር መስሎኝ ነበር። ፍቅርም ነው፤ ግን ንጉሡን ከሣጥኑ አጠገብ አያርቀውም።

ያደረግሁትን ልንገርሽ። ወንበሬን ይዤ ወጥቼ፣ የአዳራሹን በር ከውጭ ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥሁ። ሮዌና ብቅ ብላ "ማም፣ እንዴት እንቀጥል?" አለች። "እኔ ምን አውቄ!" አልኳት። ለብዙ ቀን ቃል ጠፋባቸው፣ ተጣሉ፣ አንዷ አለቀሰች። እኔ ከጽዳት ሠራተኛው ውሻ ጋር ዝናቡን አያለሁ። አሁን ቃላቸው መጥቷል። በበሩ በኩል ሲስቁ እሰማለሁ፤ በምን እንደሚስቁ ግን አላውቅም። ጥሩ ማስተማር ይህ ከሆነ ብርድ አለው።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ጀርባውን ለሚሰጥሽ፣ ለማይሰማሽ ሰው ተናገሪ። እስኪዞር ድረስ ተናገሪ።

ማም ፊሊሳ

*

ማኒላ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1994

ውድ ማም፣

አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ፤ አልቃዠሁም! ቴሌግራሜ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ተቀብለውኛል፤ የተቀበለኝም ያው "ፍቅረኛሽን ደብቀሽ ነው?" ያለኝ ዲሬክ ነው። ተውኔቱ አዲስ ነው፣ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። መርከበኛ ባሏ የቀረባት ሴት አለች፤ እኔ ባልሽ አይመለስም ብላ የምትነግራት ታናሽ እህቷ ነኝ።

እንዴት እንደቻልኩት ልንገርዎት። አሊንግ ቻሪንግ ልብስ ስትተኩስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሬዲዮ ታዳምጣለች። በየቀኑ ለዚያ ጀርባ ተናገርኩ። "ልጄ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ዜናው አልሰማ አለኝ" ትለኛለች። አንድ ቀን ለኦዲሽኑ የሰጡኝን የእህትየዋን ቃል ስናገር እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን ቀነሰችው። ማም፣ የዚያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ!

ግን ገና አላለቀም። ባለፈው ልምምድ ላይ ዓይኔ አንዴ አመለጠኝ። ዲሬክ ሁሉም ፊት "መክፈቻው ቀን ይህን ካየሁ በማግስቱ በአንቺ ቦታ ተጠባባቂዋ ትገባለች" አለኝ። እናቴም "እስቲ እናያለን" ብላለች፤ ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛዋ ላይ ነው።

የተውኔቱን ጽሑፍና ለፌብሩዋሪ 18 አንድ ትኬት ልኬልዎታለሁ። ሦስተኛው ረድፍ፣ የቀኝ ጥግ ነው። ወንበሩን ራሴ መረጥኩት፤ ሌላ ቦታ ቢቀመጡ አዳራሹን ሙሉ ስፈልግዎት አልቅ ነበር። ይምጡልኝ። "ብመጣ ይሻልሻል ወይስ ብቀር?" ብለው ቢጠይቁኝ ግን መልሱን አላውቀውም። እኔ ላይ ያለ ጉድ ነው፣ አይቀየሙኝ።

ፍሬዳ

*

ካትባሎጋን፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1994

ውድ ኢንዳይ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ለጎረቤቴ ራሴ ነገርኳት፤ ፖስታውን ወደ ፀሐይ ከማንሳት ላሳርፋት ብዬ ነው።

አልመጣም። የፈተና ሳምንት ነው፣ ጉልበቴም ከአውቶቡስ ጋር አይስማማም። ጽሑፉ ደርሶኛል፣ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስለ ትኬቱ አታስቢ፤ ማኒላ ላለ ሰው እልከዋለሁ፣ ወንበሩ ባዶ አይሆንም።

ለመክፈቻው ቀን ምን ይመክሩኛል ትዪ ይሆናል። ምክሬ አልቋል። እህትሽን እያት። መድረክ ላይ ያለችው እሷ ናት።

ማም ፊሊሳ

*

ማኒላ፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1994

ማም!

አየሁዎት። ሁለተኛው ትዕይንት ላይ፣ ለእህቴ "አይመጣም" የምላት ቦታ ስደርስ ዓይኔ ሄደ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሄደ። ትኬቱን ማን እንደያዘው አላውቅም፤ ዓይኔ ግን ማንንም አልጠየቀም። እርስዎ ነበሩ። የአዳራሹ ማቀዝቀዣ ሰዉን ሁሉ ሹራብ አስለብሶት፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማራገቢያ የያዙት እርስዎ ብቻ! ያ እዚያ በሙቀት ከእጅዎ የማይለይ ጥቁሩ ማራገቢያ፣ ጫፉ የተሰነጠቀው። ግን አያራግቡበትም። ከአፍንጫዎ በታች ዘርግተው ይዘውታል፤ ንቅንቅ አይልም።

ከዓይንዎ በታች የማየው ነገር አልነበረም። የማየው ስላጣሁ ወደ እህቴ ዞርኩ። አየኋት። "አይመጣም" አልኳት፤ የተናገረው ማን እንደሆነ እኔም አላወቅሁም። ከዚያ መጋረጃው እስኪወርድ ድረስ እዚያ መኖርዎን ረሳሁት። ረሳሁዎት ማም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ዲሬክ ከመድረክ ጀርባ መጥቶ "ለቅጽበት ልትሄጂ ነበር። ግን ተመለስሽ። ሰውየውን ቤቱ አደረስሽው?" አለኝ። ተጠባባቂዋ አትገባም። እስከ ፋሲካ እንሠራለን፣ ለቀጣዩ ተውኔትም አስፈርመውኛል። እናቴ ስልክ ደውላ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ "በይ አክስትሽን ራስሽ ንገሪያት፣ እኔ አልጣላም" አለችኝ።

ልብሴን ሳልቀይር ወደ በሩ ሮጥኩ። ዴልፊን አበባ ይዞ ቆሟል። "አየሃቸው?" "አዎ።" "የታሉ?" "ሄዱ። 'አትንገራት' ብለውኛል፤ ይኸው ነገርኩሽ" አለኝ።

ያን ሁሉ ባሕርና መንገድ አቋርጠው መጥተው ሳያቅፉኝ እንዴት ይመለሳሉ? ምን አጠፋሁ? ደግሞ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከማራገቢያው ጀርባ አፍዎ ይንቀሳቀስ ነበር?

ፍሬዳ

*

ካትባሎጋን፣ ማርች 4 ቀን 1994

ውድ ፍሬዳ፣

ዴልፊን ምስጢር የማይጠብቅ መሆኑን ረስቼው ነበር። ቢሆንም ጽፎልኛል፤ ሁለት ገጽ።

አይንቀሳቀስም ነበር። ሊንቀሳቀስ አይችልም። የላክሽልኝን ጽሑፍ አልከፈትኩትም፤ እንደታሸገ ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር። እጄ ስንት ቀን ወደ ላይ እንደሄደ እኔ ነኝ የማውቀው። ቃሉን ካወቅሁት አፌ አያርፍም፣ አፌን አውቀዋለሁ። ማራገቢያውን የያዝኩት ለማንኛውም ብዬ ነው። ባትረሺኝ ኖሮ ነበር ማዘን የነበረብኝ።

እንዲህ ሆኜ ቴአትር አይቼ አላውቅም። ቀጥሎ ምን እንደምትይ አላውቅም። "አይመጣም" ስትይ ደነገጥሁ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይመጣል እያልኩ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በእረፍቱ ላይ ጠጋ ብሎ "ይቺን ልጅ ያስተማራት ማነው?" አለኝ። ማራገቢያው አፌ ላይ ነው። ሳላወርደው ትከሻዬን ሰበቅሁ። ሠላሳ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ግን ለማላውቃት ሴት ነገርኳት። እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ቤቴ እንደገባሁ ጽሑፉን አወረድኩና ከፈትኩት፤ የእህትየዋን ቃል ጮክ ብዬ አነበብኩት። የሚሰማኝ ስላልነበረ እንደፈለግሁ አነበብኩት። ያንቺን ያህል አልሆነልኝም።

ምንም አላጠፋሽም። በሩ ላይ ልጠብቅሽ ቆሜ ነበር፤ ዴልፊን ምስክሬ ነው። ከውስጥ የእግርሽን ኮቴ ስሰማ ነው የሄድኩት። ብትደርሺብኝ መጀመሪያ የምታዪው ፊቴን እንዳልሆነ አወቅሁ። ጥሩ ነበር ወይ ብለሽ አፌን ታዪ ነበር።

አሁን ርቀሽ ስላለሽ ልንገርሽ። ጥሩ ነበር ኢንዳይ። በጣም ጥሩ ነበር።

ማም ፊሊሳ